የሥራ ገንዘብና የቤት ገንዘብ
ነጋዴ ምእመናንን ለሚደግፉ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት የቀረበ ማብራሪያ

በየአጥቢያችን በአነስተኛ ንግድና በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ምእመናን ብዙ ናቸው። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ ጧፍና ዕጣን የሚቸረችሩ ወጣቶች፣ ሸማ የሚሠሩ፣ ወተት የሚያከፋፍሉ፣ ዶሮ የሚያረቡ ሁሉ የሰበካው ልጆች ናቸው። አንዳንድ ሰበካ ጉባኤያትም ከሰንበት ትምህርት ቤቶችና ከማኅበራት ጋር ተመካክረው ለእነዚህ ወገኖች የመነሻ ገንዘብ በተዘዋዋሪ ብድር መልክ ያቀርባሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። የተቸገረን ሰው የዕለት ጉርሱን ከመስጠት አልፎ በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲያድር ማገዝ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራቀ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ወንጌልን ሲሰብክ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በፊልጵስዩስ ቤቷን ለሐዋርያት የከፈተችው ልድያም ነጋዴ ነበረች።

ነገር ግን ገንዘቡ ከተሰጠ በኋላ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ሥራው ሲከስር የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አበዳሪዎቹ በዐውደ ምሕረቱ ስለሚቆሙ፣ ገንዘብ ያዡን በቅዳሴ ሰዓት ስለሚያገኘው፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ያሳፍረዋል። በመጀመሪያ ወደ ሌላ አጥቢያ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ከማኅበሩ ይቀራል፤ በመጨረሻም ንስሐ አባቱን መሸሽ ይጀምራል። ሊረዳው የታሰበ ገንዘብ ከመንፈሳዊ ቤተሰቡ ለየው ማለት ነው። ስለሆነም የብድር ጉዳይ ለሰበካ ጉባኤ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይም ነው።

ለኪሳራው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የመነሻ ገንዘቡ ማነስ ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ይሁን እንጂ በቂ ገንዘብ ተሰጥቶ፣ ገበያም ኖሮ፣ ሠራተኛዋም ትጉህ ሆና ሥራው ቀስ በቀስ የሚሞትበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሥራው ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ በአንድ ሣጥን መቀመጣቸው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህንን አንድ ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ መያዝ የንግድ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ሰው ራሱን የሚገዛበት ልማድ ነው፤ ልማዱም ብድር ከመሰጠቱ በፊት ሊጀመር ይገባዋል።

የሣጥኑ ገንዘብ የማን ነው?

ማታ ሱቁ ሲዘጋ በሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ገንዘብ ሁሉ የነጋዴው አይደለም። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ነገ ጠዋት ዕቃ የሚገዛበት ነው። ከፊሉ የቤት ኪራይ፣ የመጓጓዣ፣ የግብር ነው። ከፊሉ የአበዳሪው ነው። ለነጋዴው የሚተርፈው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ያለው ጥቂት ነው። ሽያጭ ሌላ፣ ትርፍ ሌላ ነው።

ይህን ማንም ያውቀዋል፤ ቢጠየቅም ይመልሰዋል። ችግሩ ያለው በማወቅ ላይ ሳይሆን ልጅ የደብተር ሲጠይቅ፣ ዘመድ ሲመጣ፣ በዓል ሲደርስ እጅ ወደ ሣጥኑ በመሄዱ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ሣጥኑ ሙሉ ነው፤ የጎደለ ነገር አይታይም። ጉድለቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ስለሆነ በየትኛው ቀን እንደ ተጀመረ ማንም ሊያስታውስ አይችልም። በዚህም የተነሣ ሰዎች ኪሳራቸውን ለዕድል፣ ለዓይነ ጥላ፣ ለምቀኛ ይሰጡታል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ

ለማብራሪያ ያህል አንዲት ወተት የምታከፋፍል እናት እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ አጥቢያ በአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። ይህች እናት የወተት ዕቃዎቿን ቀድማ አዘጋጅታለች፤ አንዳንድ ደንበኞቿ በወር መጨረሻ የሚከፍሉ ስለሆነ ለመንቀሳቀሻ የሚሆን 30,000 ብር በመስከረም መጀመሪያ ከሰበካው ተበደረች።

በሥራ ቀን 50 ሊትር ወተት ሊትሩን በ70 ብር ትገዛለች፤ 3,500 ብር ማለት ነው። ሊትሩን በ85 ብር ስትሸጠው 4,250 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 750 ብር ነው። ለኪራይ፣ ለመጓጓዣ፣ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለሚበላሸው ወተትና ለግብር በቀን 250 ብር ብንቀንስ 500 ብር ይተርፋታል። ደንበኞቿ የሚጾሙ ምእመናን ስለሆኑ ረቡዕና ዓርብ አትሸጥም፤ እሑድንና የበዓል ቀንን ታከብራለች። ስለዚህ በወር የምትሠራው 16 ቀን ያህል ነው። በወር 8,000 ብር ታተርፋለች።

ለቤቷ ወጪ በቀን 300 ብር ከሣጥኑ ታነሣለች እንበል። ቤት ግን የሚበላው በሥራ ቀን ብቻ ሳይሆን በ30ውም ቀን ነው፤ ስለዚህ የቤቷ ወጪ በወር 9,000 ብር ነው። ከትርፏ በላይ በወር 1,000 ብር ወሰደች ማለት ነው። በየቀኑ ከ4,000 ብር በላይ በእጇ ለሚገባ ሴት 300 ብር ትንሽ ስለሚመስል አባካኝ ናት የሚላት አይኖርም።

አሁን በዓመቱ አቆጣጠር እንከተላት። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 14 ቀን ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው፤ 2,500 ብር ይጎድላል፤ 27,500 ብር ይቀራታል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። ከነገሃዱ 44 ቀን ወተት አትሸጥም፤ ቤቷ ግን በቀን 300 ብር ይፈልጋል። 13,200 ብር ከሣጥኑ ይወጣል፤ 14,300 ብር ይቀራል። ከልደት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ አንድ ወር ተኩል ብትሠራ 1,500 ብር ይጎድላል፤ 12,800 ብር ይቀራል። ከዚያ በኋላ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ይመጣል። በቀን 300 ብር ሲወጣ 12,800 ብር የሚበቃው ለ42 ቀን ነው። በ43ኛው ቀን፣ ማለትም የኒቆዲሞስ እሑድ በዋለ ማግስት ሣጥኑ ባዶ ይሆናል።

የትንሣኤ በዓል ሲደርስ ወተትና ቅቤ እጅግ ይፈለጋል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የዓመቱ ምርጥ ገበያ ያን ጊዜ ነው። ይህች እናት ግን ወተት የምትገዛበት ብር የላትም። የብድሩን ክፍያና ዐሥራቷን ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ ገና አልቆጠርንም። ስትሠራ የከረመች፣ ያልሰረቀች፣ ያልቀማች ሴት በሰባት ወር ውስጥ ባለዕዳ ሆነች። ምክንያቱ በሥራ ወራት ከትርፏ በላይ ማንሣቷና ለጾም ወራት ምንም አለማዘጋጀቷ ነው።

ያው ሥራ በሌላ ልማድ

ይህችው ሴት፣ በዚሁ ገበያ፣ በዚሁ ዋጋ ሁለት ነገር ብቻ ብትለውጥ ምን እንደሚሆን እንይ።

የመጀመሪያው ለራሷ ደመወዝ መቁረጥ ነው። የሥራው ባለቤት ብትሆንም እንደ ተቀጣሪ በቀን 200 ብር፣ በወር 6,000 ብር ለቤቷ ትወስዳለች፤ ከዚያ በላይ ከሣጥኑ አታነሣም። ከ8,000 ብር ትርፍ ዐሥራቷ 800 ብር ነው። ሁለቱ ሲወጡ 1,200 ብር በሥራው ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ለጾም ወራት ሌላ ሥራ ማዘጋጀት ነው። ወተት በሚቆምበት ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ ይፈለጋል። ያንኑ የመንቀሳቀሻ ገንዘብ ወደ ጾም እህል አዙራ፣ ወጪዋና ዐሥራቷ ተቀንሶ የቤቷን 200 ብር ብቻ የሚሸፍን ትርፍ ብታገኝ ይበቃታል። ሣጥኑ አይጨምርም፤ ግን አይጎድልም።

እንቁጠር። እስከ ኅዳር 14 ቀን 3,000 ብር ተጨምሮ 33,000 ብር ይሆናል። በጾመ ነቢያት ባለበት ይቆያል። ከልደት በኋላ ባለው ጊዜ 1,800 ብር ተጨምሮ 34,800 ብር ይደርሳል። በዐቢይ ጾምም ባለበት ይቆያል። ትንሣኤ ሲመጣ 34,800 ብር በእጇ አለ። በ50ው ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለምትሸጥ በወር 24 ቀን ያህል ትሠራለች፤ 12,000 ብር ታተርፋለች። 1,200 ብር ዐሥራት፣ 6,000 ብር ደመወዝ ሲወጣ 4,800 ብር በወር ይተርፋል፤ በ50 ቀን 8,000 ብር ነው። በጰራቅሊጦስ 42,800 ብር ይኖራታል። ከዚህ ላይ 10,000 ብር ለሰበካው ብትመልስ እንኳ ከጀመረችበት በላይ ይዛ ትቀጥላለች።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት በቀን 100 ብርና በጾም ወራት ያለ ሥራ አለመቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር ይገባል፤ ልጆች ላሉት ቤት በቀን 100 ብር መቀነስ ቀላል አይደለም። ቤተሰቡ በ200 ብር ማደር የማይችል ከሆነ ሥራው ብቻውን ያንን ቤት ሊሸከም አይችልም ማለት ነው። ይህ መታወቅ ያለበት ከብድሩ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ የቤቱ ሌላ ገቢ ይታያል፤ ወይም የሚበልጥ ሥራ ይፈለጋል፤ ወይም ለልጆቹ የትምህርት ወጪ ከምግባረ ሠናይ ክፍሉ ለጊዜው እገዛ ይደረጋል። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 14 እንደ ጻፈው፣ ጌታችን ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዳለበት በምሳሌ አስተምሯል። ያ ሰው ሳያሰላ ቢጀምር መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ያቅተዋል፤ ያዩትም ይዘባበቱበታል። ተቀምጦ ማስላት የእምነት ጉድለት ሳይሆን ጌታ ራሱ በምሳሌው ያመሰገነው ጥንቃቄ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ለነጋዴም ይጠቅማል

የነጋዴ ዋና ጭንቀት ነገ ምን እንደሚመጣ አለማወቅ ነው። በኦርቶዶክሳውያን መካከል ለሚነግድ ሰው ግን ከሚመጣው ነገር ብዙው የታወቀ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም አልፎ አይገባም። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ጾመ ፍልሰታ ዘወትር ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ነው። ጾመ ሐዋርያት በጰራቅሊጦስ ማግስት ይገባል፤ ርዝመቱ ከዓመት ዓመት ቢለያይም አስቀድሞ ይሰላል። ይህን የሚያሰሉት በየአጥቢያው ያሉ ሊቃውንት ናቸው።

እንግዲህ አንድ ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ መምህር በዘመን መለወጫ ሰሞን አንድ ሰዓት ወስዶ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለነጋዴ ምእመናን ቢያስረዳቸውና በወረቀት ላይ ቢያሰፍርላቸው ትልቅ አገልግሎት ነው። ሥጋ ሻጩ፣ ዶሮ አርቢው፣ ወተት አከፋፋዩ ገበያው የሚቀዘቅዝበትን ቀን ከስድስት ወር በፊት ያውቃል። ዶሮ አርቢው ጫጩቶቹን የሚያስገባበትን ቀን ከትንሣኤ ወደ ኋላ ቆጥሮ ይወስናል። ጧፍ ሠሪው፣ የጾም እህል ነጋዴው፣ የሀገር ልብስ ሸማኔው ደግሞ የሚፈለግበትን ጊዜ ይዘጋጅበታል። ጻድቁ ዮሴፍ በግብፅ ያደረገው ይህንን ነው፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እያስቀመጠ ሰባቱን የረሃብ ዓመታት አሻገረ። ጥጋቡ ሳለ ማስቀመጡ ጥበብ ሆነ፤ ረሃቡ ከገባ በኋላ ቢጀምረው ግን የሚያስቀምጠው ነገር ባልኖረ ነበር።

ልብን የሚጠይቀው ሥራ

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማሩታል። ከባዱ ልማዱን መጠበቅ ነው፤ የሰው እድገት የሚለካውም በዚህ ነው። በተለይ ሦስት ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው ዘመድን እንቢ ማለት ነው። ሱቅ የከፈተ ሰው በዘመዶቹ ዘንድ ሀብታም መስሎ ይታያል። የታመመ ይመጣል፤ የሚያገባ ይመጣል፤ ወደ ዓረብ ሀገር ለመሄድ መንገድ የጀመረ ይመጣል። እንቢ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ደመወዝ የቆረጠ ሰው ግን የሚመልሰው እውነተኛ መልስ አለው፤ የሣጥኑ ገንዘብ የሥራውና የሰበካው ነው፤ ከራሴ ድርሻ ግን የአቅሜን አግዛለሁ ማለት ይችላል። ይህ ልግስናን አያጠፋም፤ ያጠራዋል እንጂ። ከራስ ድርሻ የተሰጠ ምጽዋት ነው፤ ሌላ ችግረኛ በተራው ሊበደረው ከሚጠብቀው ገንዘብ የተሰጠ ግን የሌላውን ተራ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ድግስ ነው። ዝክር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ተዝካር የቤተ ክርስቲያናችን የፍቅርና የምጽዋት ሥርዓቶች ናቸው። ድሀው የሚጠግብበት፣ የተጣላው የሚታረቅበት ስለሆኑ ሊቀሩ አይገባም። ነገር ግን የሥራን ገንዘብ አውጥቶ፣ ጎረቤት የደገሰውን ያህል ካልደገስሁ ብሎ መጨነቅ ከዝክሩ ዓላማ ውጭ ነው። ቅዱሱ የሚታሰበው በድግሱ ብዛት አይደለም። ይህን ግን ነጋዴው ብቻውን ሊወስነው አይችልም፤ መንደሩን ያፍራል። ከካህኑ አፍ ሲወጣ ግን ኀፍረቱ ይቀላል። ንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ፣ ዘንድሮ በዳቦና በጠላ ዘክር፤ ሥራህ ሲጸና ትጨምራለህ ቢለው ያንን ቤት ከኪሳራ ሊያድነው ይችላል። ተራ የደረሰው የማኅበር አባልም ገና ሥራ የጀመረ ከሆነ ማኅበሩ ራሱ ቀድሞ ሸክሙን ቢያቀልለት መልካም ነው።

ሦስተኛው ጉድለትን በጊዜ መናገር ነው። ሥራው መጉደል ሲጀምር ብዙ ሰው ይደብቃል፤ ለመሸፈንም ከሌላ ይበደራል፤ አንዳንዱም አራጣ ውስጥ ይገባል። 2,000 ብር ሲጎድል ተናግሮ ቢሆን በቀላሉ ይስተካከል የነበረው ነገር 20,000 ብር ሆኖ ሲገለጥ መፍትሔው ይርቃል። ሰው ጉድለቱን በጊዜ የሚናገረው ሲናገር እንደማይዋረድ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ይህ ፈተና የተበዳሪው ብቻ አይደለም፤ የአበዳሪውም ነው። በጉባኤ መካከል ስም የሚጠራ ኮሚቴ ሌሎቹን ተበዳሪዎች መደበቅ ያስተምራቸዋል።

ዕቁብና ዕድር በቦታቸው

የቆዩ ማኅበራዊ ተቋሞቻችን በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ አለው። ዕቁብ አንድ ትልቅ ዕቃ ለመግዛት ይጠቅማል፤ ማቀዝቀዣ፣ ምጣድ፣ የስፌት መኪና ሊሆን ይችላል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ግን ገንዘቡ ስጦታ ሳይሆን ብድር መሆኑን ማስታወስ አለበት፤ እስከ መጨረሻው ዙር መክፈሉ አይቀርም። ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወራትም የዕቁቡ ቀን ስለሚደርስ መዋጮው ከትርፍ እንጂ ከዕቃ መግዣው የሚወጣ መሆን የለበትም።

ዕድር ደግሞ የሐዘንን ወጪ ይሸከማል። በአንድ ቤት ሞት ሲደርስ ሥራው አብሮ እንዳይቀበር የሚያደርገው ዕድር ነው። ስለሆነም የብድር ኮሚቴ አመልካቹ የዕድር አባል መሆኑን ቢጠይቅ፣ ካልሆነም እንዲገባ ቢመክረው አግባብ ነው።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

ከላይ የተገለጸውን ወደ ተግባር ለመለወጥ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

1. ከብድር በፊት የሁለት ወር ደብተር ይጠየቅ። አመልካቹ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራውን ሥራ በየቀኑ በአምስት መስመር ይጻፍ፤ የተገዛ፣ በእጅ የተሸጠ፣ በዱቤ የተሸጠ፣ የሥራ ወጪ፣ ለቤት የወጣ። መጻፍ ለማይችሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ማታ ማታ ሊጽፉላቸው ይችላሉ። ሦስት ጣሳ አዘጋጅቶ ለሥራ፣ ለቤት፣ ለመጠባበቂያ ገንዘቡን መለየትም ይቻላል። ሁለት ወር የጻፈ ሰው የብድሩን ልክ ራሱ ያውቀዋል።

2. ንግግሩ ከቤተሰብ ጋር ይሁን። ደመወዝ የሚቆረጠው ባልና ሚስት ተስማምተው ነው። አንዱ ሣጥን ሲጠብቅ ሌላው የሚከፍት ከሆነ ልማዱ አይጸናም፤ ቤቱም ሰላም ያጣል።

3. የክፍያው ጊዜ የሥራውን ወቅት ይከተል። ከወተት ነጋዴ በዐቢይ ጾም ክፍያ መጠየቅ የመንቀሳቀሻ ገንዘቡን መልሱ ማለት ነው። ከትንሣኤ በኋላ ቢጠየቅ ግን ከትርፍ ይከፈላል። ለጾም እህል ነጋዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለሁሉም በአንድ ቀን እኩል ክፍያ መወሰን ለኮሚቴው ጽሕፈት ይቀላል፤ ለሥራው ግን አይስማማም።

4. ንስሐ አባት ገንዘብ ጠያቂ አይሁን። ምክርና ክትትል የሚያደርገው ካህን ሌላ፣ ብድር የሚሰበስበው የኮሚቴ አባል ሌላ ይሁን። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ከተደረቡ ተበዳሪው ዕዳውን ሲሸሽ ንስሐውንም ይሸሻል። በኑዛዜ የተሰማም በምንም መንገድ ለብድር ውሳኔ አይውልም።

5. ዐሥራት ከትርፍ መሆኑ ይገለጽ። በምሳሌያችን የቀረበችው እናት ከቀኑ ሽያጭ ላይ ዐሥራት ብታወጣ 425 ብር ይሆናል፤ ከ500 ብሩ ትርፍ 75 ብር ብቻ ይቀራታል። ከትርፉ ብታወጣ ግን 50 ብር ነው። ነገሩን ሳይረዱ ከሽያጩ የሚሰጡ ቅን ምእመናን እንዳይጎዱ፣ ብዙ ነው ብለው ጨርሶ የተዉትም እንዲመለሱ በትምህርት ማስረዳት ይገባል።

6. የገንዘቡ አያያዝ ሕጋዊ መሠረት ይኑረው። ገንዘብ ማበደር በሕግ የሚመራ ሥራ ስለሆነ ሰበካ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ከሀገረ ስብከቱ የልማትና የሕግ ክፍሎች ጋር ይመካከር። ምእመናኑ በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ማገዝም አንዱ መንገድ ነው።

ምሳሌ የሚሆነው የአጥቢያው ሣጥን

ሰባተኛው ነጥብ ለብቻው ይነገር። ነጋዴውን ሣጥንህን ለይ የሚል ሰበካ ጉባኤ የራሱን ሣጥኖች ለይቶ የያዘ መሆን አለበት። በቅጽሩ ውስጥ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ፣ የሚከራይ ቤት ወይም ወፍጮ ያለው አጥቢያ ብዙ ነው። የመሸጫው ሽያጭ ከሙዳየ ምጽዋቱ ጋር ተደባልቆ ለካህናት ደመወዝ፣ ለጣሪያ ጥገና፣ ለበዓል መስተንግዶ በአንድነት የሚወጣ ከሆነ መሸጫው ማትረፉ ወይም መክሰሩ አይታወቅም። ዕጣንና ጧፉ ሲያልቅ የሚተካበት ገንዘብ ይጠፋል፤ ከዚያም ዕቃ በዱቤ ይመጣል። ከላይ በወተት ነጋዴዋ ቤት ያየነው ነገር በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተደገመ ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ምክንያቱንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ሲገልጽ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ያለ ነቀፋ ለመገኘት መሆኑን ያስረዳል። ሐዋርያው ታማኝነቱ ተጠራጥሮት አይደለም፤ ታማኝነት በግልጽ አሠራር ሲታገዝ ከሐሜት እንደሚጠበቅ ስለሚያውቅ ነው። በቃለ ዓዋዲ መሠረት የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድነት ማቀፉም ይህንኑ ለመፈጸም ይረዳዋል።

ይህን ትምህርት ለምእመናን ለመስጠት አመቺ ጊዜ አለ። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ በዚያ ቀን የሚነበበው ወንጌል መክሊት ስለ ተሰጣቸው አገልጋዮች ይናገራል። በምሳሌው ያለው ጌታ ገንዘቡን ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ሰጠ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ተመልሶ ተቆጣጠራቸው። ሰባኪው የምሥጢሩን ትርጓሜ ካስረዳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ስለ ሣጥንና ስለ ደብተር ቢናገር ከወንጌሉ አይርቅም። በዚያ ሰሞን ከሰሚዎቹ መካከል ሣጥኗ ሊያልቅ ጥቂት ቀን የቀራት እናት ልትኖር ትችላለች። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ገብታ ጉድለቷን ሳትፈራ የምትናገርበት በር ክፍት ሆኖ ቢጠብቃት ለትንሣኤ ገበያ የሚሆን ጊዜ ገና አላት።